የዓባይን ምንጭ ማን መረጠው?

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በአውቶቡስ የሄደ ሰው አማኑኤልን ያውቃታል። ከማርቆስ ወጥቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዛ የምታገኙት የማቻክል ከተማ ናት። ሹፌሩ ሻይ ካማረው ይቆምባታል፤ ካላማረው ጡሩምባውን ነፍቶ ያልፋታል። ከፍኖተ ሰላም በኩል በሚመጡት መኪናዎች ውስጥ ግን፣ በተለይ በጥር ወር፣ አንድ ነገር አይጠፋም፤ ቢጫ ጀሪካን በነጠላ ጠቅልለው የታቀፉ እናቶች። ረዳቱ "እማማ፣ እሱን ጣራ ላይ ልጫነው" ቢላቸው አይሰሙትም። ወንበር ሥርም አይገባም፤ እግር ይነካዋላ! አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ውሃው ከየት እንደመጣ ሲሰማ ሰብሰብ ብሎ ቦታ ይለቃል። "የግሽ ዓባይ ነው" ይላሉ። ሌላ ማብራሪያ የሚጠይቃቸው የለም።

እዚያው አካባቢ ተምጫ የሚባል ወንዝ አለ። ከጮቄ ተራራ ወገን ወርዶ፣ በማቻክልና በደምበጫ በኩል አድርጎ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ይገባል። የተምጫም ውሃ መጨረሻው ዓባይ ነው። የተምጫን ውሃ በነጠላ ጠቅልሎ የታቀፈ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ከብት ይጠጣዋል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ በቃ። ሁለቱም የዓባይ ውሃ ሆነው አንደኛው ጠበል፣ ሌላው ወንዝ ብቻ የሆነው ለምንድነው?

የዛሬ ልጆች ስንባል "ቦታው ኢነርጂ አለው" ማለት ይቀናናል። እናቶቻችን በረከት ይሉታል። ስሙ የትኛውም ቢሆን አንድን ቦታ ከሌላው ለይቶ ጫማ የሚያስወልቅ ነገር ከየት ይመጣል ብሎ መጠየቅ የታሪክ ጥያቄ ነው። የግሽ ዓባይ ታሪክ ደግሞ ከምናስበው በላይ ገራሚ ነው። ምክንያቱም በዓለም ካርታ ላይ "የጥቁር ዓባይ ምንጭ" ተብሎ የተጻፈው ነገር መነሻው ልኬት አይደለም። መነሻው እምነት ነው። እምነቱም የፈረንጅ አይደለም።

*

እስቲ መጀመሪያ ካርታውን እንየው።

ዓባይ ከጣና ሐይቅ በባሕር ዳር በኩል ይወጣና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሄዳል። ከዚያ ታጥፎ ወደ ምዕራብ ይዞራል። ጎጃምን እንደ መቀነት ዙሪያዋን ታጥቋታል ማለት ይቻላል። ስለዚህ በጎጃም ምድር የወረደ ዝናብ፣ በጮቄ የፈለቀ ምንጭ ሁሉ፣ በየትም ዞሮ በየት መድረሻው ዓባይ ነው። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጮቄ ብቻውን በአሥሮች የሚቆጠሩ ወንዞችን ይልካል። ጣናም ቢሆን ውሃውን የሚያገኘው ከአንድ ወንዝ አይደለም። ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭ ይገቡበታል። ከሁሉም ትልቁ ገባሪ ግልገል ዓባይ ነው። የግልገል ዓባይ መነሻ ደግሞ ምዕራብ ጎጃም ሰከላ ውስጥ፣ 2 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ረግረግ ናት፤ ግሽ ዓባይ።

ታዲያ የዓባይ ምንጭ የቱ ነው? የውሃ መሐንዲስ "ትልቁን ገባሪ ተከትለህ ሽቅብ ውጣ" ሊላችሁ ይችላል። ሌላው "ረጅሙን ተከተል" ይላል። ግልገል ዓባይ ራሱ ከግሽ በኋላ ብዙ ጅረቶች ይጨመሩበታል፤ ከነዚያ መካከል የትኛው ዋናው እንደሆነ ውሃው ራሱ አይናገርም። ሰው ነው የሚወስነው። አንድ ቀን አንድ ሰው ከነዚያ ሁሉ ምንጮች መካከል አንዷን መርጦ "ይህች ናት" ብሏል ማለት ነው።

ማን?

ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት የያዝነው መልስ "ጀምስ ብሩስ" የሚል ነው። ትንሽ ያነበበው "የለም፣ ከሱ በፊት ፔድሮ ፓኤዝ ነው" ብሎ ያርማል። ሁለቱም ሰዎች ግሽ መድረሳቸው እውነት ነው። የደረሱት ግን መንገድ መሪ ይዘው፣ ቦታውን አስቀድሞ የሚያውቅ ሕዝብ ተቀብሏቸው ነው። የዚያን ሕዝብ መልስ ተቀብለው ነው የተመለሱት።

*

ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1564 የተወለደ ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1603 ነበር። የግሽን ምንጭ ያየው ሚያዝያ 21 ቀን 1618 ሲሆን ከዐፄ ሱስንዮስና ከሠራዊታቸው ጋር ነው የሄደው። ኩራቱን አልደበቀም። ቂሮስና ካምቢሰስ፣ ታላቁ እስክንድርና ዩልዮስ ቄሳር ሊያዩት ተመኝተው ያላዩትን ነገር አየሁ ብሎ ጽፏል። ጋዜጠኛ የሚያስቀና አርዕስተ ዜና ነው! ከዚያ እንደማንኛውም ጠያቂ ሰው ጥልቀቱን ሊለካ ተነሣ። ጦር ሰደደበት፤ ቀጥሎም ሁለት ጦር አስሮ ሰደደበት፤ መሬቱን ግን አላገኘውም። መጽሐፉን ጨርሶ በ1622 ጎርጎራ ላይ ሞተ። ድርሳኑ በሙሉ የታተመው ግን ከሦስት መቶ ዓመት ብዙም በማያንስ ጊዜ በኋላ፣ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው።

ፓኤዝና ከሱ በኋላ የመጡት ኢየሱሳውያን አንድ ነገር ሳይወዱ በግድ መዝግበዋል። ቦታው የአገው ሕዝብ የአምልኮ ስፍራ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ ሕዝቡ ይሰበሰባል። ላም ይታረዳል፤ ጭንቅላቷ ምንጩ ውስጥ ይጣላል። ጄሮኒሞ ሎቦ ደግሞ ካህኑ የታረዱትን ከብቶች ሞራ ተቀብቶ በደረቅ ጭድ ላይ እንደሚቀመጥ፣ እሳት እንደሚለኮስና እሳቱ ካህኑን ሳይጎዳው ጭዱን እንደሚበላ ጽፏል። ሚስዮናውያኑ ይህን የጻፉት ለመንቀፍ ነው። ለኛ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። ፓኤዝ ምንጩን "ያገኘው" ሰዎች ተሰብስበው በሚንበረከኩበት ቦታ ነው። ከዚያ በፊት ጅረት ለጅረት እየዞረ አልለካም፤ አላወዳደረም። "ምንጩ የት ነው?" ብሎ ጠየቀ፤ የአገው መሠዊያ ያለበትን አሳዩት፤ እሱም ተቀበለ። ካርታ ሠሪዎችም ከሱና ከጓደኞቹ ተቀበሉ።

*

ወደ ብሩስ እንምጣ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ግሽ የደረሰው ኅዳር 4 ቀን 1770 (እ.ኤ.አ.) ነው። ዘመኑ የራስ ሚካኤል ስሑልና የወጣቱ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ ዘመን ነው። ብሩስ እንደሚተርከው ንጉሡ ለሹመቱ ምን እንደሚፈልግ ሲጠይቁት የግሽን መንደርና ምንጮቹን ርስት አድርገው እንዲሰጡት ለመነ፤ ሰጡትም። እንግዲህ በወረቀት የዓባይ ምንጭ ለጥቂት ጊዜ የአንድ ስኮትላንዳዊ ርስት ነበረ ማለት ነው። የዳሞቱ ፋሲል ፈቃድ ባይጨመርበት ኖሮ ግን ርስቱን በዓይኑም አያየውም ነበር።

ኮረብታው አናት ላይ ሲደርስ መንገድ መሪው ረግረጉን ከሩቁ አሳየው። ከመሮጡ በፊት ግን አንድ ነገር ተነገረው፤ ጫማህን አውልቅ። የመንደሩ ሰዎች ወንዙን በየቀኑ የሚለምኑ፣ እንደ አምላክ የሚያዩ ናቸውና በጫማ መቅረብ አይፈቀድም። ብሩስ ጫማውን ወርውሮ ቁልቁል ሮጠ፤ ሥራሥር እየጠለፈው ሁለት ጊዜ ወደቀ። የብሪታንያ ጌታ በባዶ እግሩ እየተንከባለለ ሲወርድ ያየው የግሽ እረኛ ምን ብሎ ይሆን?

ከምንጩ ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ ሦስተኛ ጤና ጠጣ። ከዚያ፣ ራሱ እንደጻፈው፣ ልቡ ተሰበረ። ለዚህች ረግረግ ነው ይህ ሁሉ? የአውሮፓ ትልልቅ ወንዞች ምንጮችኮ ከዚህች ይበልጣሉ ብሎ አሰበ። ምንጩን በዓይኑ የፈለገ ሰው የሚያገኘው ይህንኑ ነው። ዓይን የምታየው ሣርና ውሃ ብቻ ነው።

ብሩስን ያስተናገደው የምንጩ ካህን ክፍለ ዓባይ ይባላል። ነጭ ጢም ያለው፣ ከ80 በላይ ልጆች አሉኝ የሚል ሽማግሌ ነበር። ብሩስ ስሙን "የወንዙ አገልጋይ" ብሎ ይተረጉመዋል። ግዕዝ ለሚሰማ ጆሮ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ "የዓባይ ድርሻ"። ክፍለ ማርያም፣ ክፍለ ጊዮርጊስ እንደምንለው። ይህ ስም ብቻውን የዘመኑን ግሽ ይነግረናል። ብሩስ "አረማዊ" ያለው ካህን ስሙ የተሠራው በቤተ ክርስቲያን ቋንቋና ልማድ ነው። አሮጌውና አዲሱ እምነት አንድ ስም ውስጥ አብረው ተቀምጠዋል።

ክፍለ ዓባይ ለብሩስ የነገረው ሥርዓት በኢየሱሳውያኑ ከተጻፈው ጋር ይገጥማል፤ ዝርዝሩ ግን ይበልጣል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሲሪየስ የምትባለው ደማቅ ኮከብ በንጋት መታየት ስትጀምር፣ የጎሣ አለቆቹ ይሰበሰባሉ። ያልወለደች ጥቁር ጊደር ትታረዳለች፤ ጭንቅላቷ ምንጩ ውስጥ ይነከርና በቆዳዋ ይጠቀለላል፤ ሥጋዋ ለጎሣዎቹ ይከፋፈላል። ጸሎቱ ለዝናብ፣ ለሣርና ከእባብ ለመጠበቅ ነው። ወንዙን ብርሃን፣ ዓይን፣ አባት እያሉ ይጠሩታል።

ሲሪየስ የሚለው ነገር አስደንግጦኛል። የጥንት ግብጾች አዲስ ዓመታቸውን የሚቆጥሩት፣ የዓባይን ሙላት የሚጠብቁት በዚችው ኮከብ መውጣት ነበር። በወንዙ ራስና በወንዙ ጫፍ ያሉ ሁለት ሕዝቦች አንድ ኮከብ እየጠበቁ! ብሩስ ግብጽን አይቶ፣ የጥንቱን መጽሐፍ አንብቦ የመጣ ሰው ስለሆነ ከራሱ ጨምሮበትም ሊሆን ይችላል ብሎ መጠርጠር ደግ ነው። ኮከቧ በንጋት የምትታየው ክረምቱ ሲገባ መሆኑን ለሚያውቅ ገበሬ ግን ያለ ግብጽ አስተማሪም ይገባዋል።

ብሩስ በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ ፓኤዝ ግሽ አልደረሰም፣ የመጀመሪያው እኔ ነኝ ብሎ ተከራከረ። አብሮት ግሽ ድረስ የመጣውን ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒንም ከጉዞው በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈው። ባሉጋኒ የሞተው ከግሽ ተመልሰው በ1771 ጎንደር ላይ ነው። "መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ" ለማለት አንድ ስፔናዊን ውሸታም፣ አንድ ጣሊያናዊን አስቀድሞ ሟች ማድረግ አስፈለገው። ክፍለ ዓባይን መካድ ግን አላስፈለገውም። በዚያ ውድድር ውስጥ ክፍለ ዓባይ ተወዳዳሪ ሆኖ አልተቆጠረም።

*

ይህ ሁሉ የድሮ ነው። ዛሬ ግሽ የሚሄድ ሰው ጊደር አይነዳም። የሚሄደው ወደ አቡነ ዘርዐ ብሩክ ጠበል ነው።

የአገሩ ሰው የሚተርከው እንዲህ ነው። ጻድቁ አቡነ ዘርዐ ብሩክ የንጉሥ ጭፍሮች ሊይዟቸው በመጡ ጊዜ ሰባት መጻሕፍቶቻቸውን ለምንጩ አደራ ሰጡ። ዓመታት በእስር ቆይተው ሲመለሱ ምንጩ ዳር ቆመው አደራቸውን ጠየቁ፤ "ግሥዕ ዓባይ" አሉ፤ በግዕዝ አግሳ፣ የዋጥኸውን መልስ ማለት ነው። ውሃው መጻሕፍቱን አወጣ። አንዲት ፊደል አልረጠበችም፤ ገጹ አቧራ ነበረበት የሚሉም አሉ። ግሽ የሚለው ስም ከዚያ መጣ ይባላል። የጻድቁ በዓል ጥር 13 ቀን ይከበራል፤ ያ ነው ጥር ወር ላይ ጀሪካኑን የሚያበዛው። ቤተ ክርስቲያን ዓባይን ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ላይ የኢትዮጵያን ምድር ይከብባል ከተባለው ከግዮን ጋር አንድ ስለምታደርገው የምንጩ ክብር እስከ ገነት ይዘረጋል።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በአንደኛው ጭንቅላት ወደ ምንጩ ይገባል፤ በሌላው መጽሐፍ። በሁለቱም ሰው የከበረውን ነገር ለውሃው ይሰጣል፤ ውሃውም መልስ ይሰጣል። ለአገው ገበሬ ከከብት የሚከብር የለም። ለመነኩሴ ከመጽሐፍ የሚከብር የለም። ምንጩ ባለቤት ቀይሯል፤ አደራ መቀበሉን ግን አልተወም።

ይህ በዓለም ላይ የኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ601 የሮማው ጳጳስ ታላቁ ጎርጎርዮስ ወደ እንግሊዝ ለሚሄዱ ሰባኪዎች በላከው ደብዳቤ የጣዖት ቤቶቹን እንዳያፈርሱ፣ ባርከው ቤተ ክርስቲያን እንዲያደርጓቸው፣ ለአማልክት የሚታረደውም ከብት ለበዓል ድግስ እንዲታረድ መክሯል። ሕዝቡ የለመደው ቦታ ይመጣል፤ የሚሰማው ቃል ግን ሌላ ይሆናል። በኛ አገር ሁልጊዜ እንዲህ ለስላሳ አልነበረም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለዛፍና ለመንፈስ የሚሠዉትን እንዴት አድርገው እንደቀጡ የታወቀ ነው። ግሽ ላይ ግን ምንጩ አልተደፈነም፤ ተጠመቀ።

*

እኔ የሄድኩት በጥር 2015 ዓ.ም. ነው። ከአማኑኤል በደምበጫ፣ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላም አድርጎ፣ ከዚያ አስፋልቱን ትቶ ወደ ሰሜን ሽቅብ ነው። መንገዱ ግራና ቀኝ ባሕር ዛፍ ነው።

ምንጩ የታጠረ ነው። አጥሩ ጋ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ስሜን አይደለም፤ መታወቂያም አይደለም።

"በልተሻል ልጄ?"

"አልበላሁም አባ።"

እህል የቀመሰ አይገባም፤ ውሃ እንኳ ቢሆን። ሴት ስትሆኑ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ልማድ ሌላም የምትጠየቁት አለ፤ ዝርዝሩን ሴት አንባቢዎቼ ያውቁታል። ቀጥሎ ጫማ። ጫማዬን ሳወልቅ ያ በባዶ እግሩ የተንከባለለው ስኮትላንዳዊ ትዝ ብሎኝ ሳቄ መጣ። ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ሙሉ መሠዊያው ተለውጧል፣ ቋንቋው ከአገውኛ ወደ አማርኛ ዞሯል፣ ካህኑ ተቀይሯል። ጫማ አውልቁ የሚለው ትእዛዝ ግን ያው ነው።

ውስጡ? ትንሽ ነው። ብሩስ ልቡ የተሰበረው ውሸት አይደለም። ታላቁ ዓባይ ካልነገሯችሁ በቀር እዚህ አይታያችሁም። ከኔ ፊት የነበሩት ሰዎች ግን ቅር ያላቸው አይመስሉም። አንዲት እናት የተቀዳላትን ውሃ በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ ሳትጠጣ ቆመች። ከቤቷ የወጣችው ለመጠን አይደለም።

አባን ጠየቅኋቸው። "አባ፣ ድሮ እዚህ ከብት ይታረድ ነበር ይባላል፤ እውነት ነው?"

አልተቆጡም። "ድሮ ያልነበረ ምን አለ ልጄ? ውሃው ግን ያው ውሃ ነው" አሉኝ።

ይፈውሳል ወይ ለምትሉኝ፣ እሱን የምፈርድ እኔ አይደለሁም። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ጠበል ቦታ ሁሉ መድኃኒታቸውን አቋርጠው የሚመጡ ሰዎች አሉ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን መስፋፋት ሲጀምር በእንጦጦ ማርያም ጠበል የነበረው ክርክር ይህ ነበር፤ ብዙ ወጣት በዚያ ክርክር መሐል አልፏል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። ወደ ግሽ ለሚሄድ ዘመድ ስንቅ ስትቋጥሩ ኪኒኑንም ቋጥሩለት።

*

ታሪኩን ዛሬ ያነሣሁት በምክንያት ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለ ጀምሮ እስከ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ምረቃ ድረስ ስለ ዓባይ ያልተባለ የለም። ስለ ሜጋ ዋቱ፣ ስለ ቢሊዮን ሜትር ኪዩቡ፣ ስለ ግብጽና ሱዳን አንድ ትውልድ ሙሉ አውርተናል። ወሬያችን ሁሉ ወንዙ ስለሚወጣበት በር ነው። ስለ ራሱ፣ ስለ መነሻው፣ ስንት ጊዜ አወራን?

መነሻውን እስከዛሬ የጠበቀው ፍርሃት ነው፤ እግዚአብሔርን መፍራት፣ ከዚያ በፊት ደግሞ መንፈሱን መፍራት። በደጋው ጎጃም ባሕር ዛፍ ማሳውን እየወረሰ ባለበት፣ ቁልቁለት ሁሉ በሚታረስበት አገር፣ ያልተነካ ነገር የት ይገኛል ብትሉ መልሱ አጭር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ። እመጓን የጻፉት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የደን ተመራማሪ ሆነው ለዓመታት የለፉት ይህንኑ የቤተ ክርስቲያን ደን በማጥናት ነው። ሰው የሚፈራው ቦታ አይታረስም። ግሽ ማንም የማይፈራው ምንጭ ቢሆን ኖሮ እንደ ስንቱ ስሙ ያልተጠራ ምንጭ ታርሶ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ። ችግሩ አጥሩ ምንጩን ብቻ መጠበቁ ነው። ምንጩን የሚሞላው ውሃ የሚጠራቀመው ከአጥሩ ውጭ ባለው ኮረብታ ውስጥ ነው፤ ኮረብታው ላይ ደግሞ ጫማ አውልቁ የሚል የለም።

ሌላም አለ። እኔ በሄድኩበት ዓመት፣ ከነሐሴ ጀምሮ፣ በአማራ ክልል ጦርነት ተነሣ። የጎጃም መንገድ በተደጋጋሚ ተዘጋ። ፓኤዝ ከንጉሥ ሠራዊት ጋር የደረሰበት፣ ብሩስ በጦር አበጋዝ ፈቃድ የደረሰበት ምንጭ ለኛ እናቶች በሰላም ቀን በአንድ ትኬት የሚደረስበት ነበር። ስንት ተሳላሚ ስለቱን ሳያደርስ ቤቱ እንደተቀመጠ የሚቆጥር መሥሪያ ቤት የለንም።

በመጨረሻም የስም ነገር። የዓባይን ምንጭ ማን አገኘው የሚለው ጥያቄ ራሱ ጠማማ ነው። የጠፋ ነገር ነው የሚገኘው፤ ምንጩ ደግሞ ለባለቤቶቹ ጠፍቶ አያውቅም። ትክክለኛው ጥያቄ ማን መረጠው ነው። መልሱም አገው ነው። ከነዚያ ሁሉ ምንጮች መካከል አንዷን ለይቶ ራስ ያደረጋት፣ በዓመት አንድ ጊዜ የተሰበሰበባት፣ ያለውን የከበረ ነገር የሰጣት የአገው ገበሬ ነው። ፓኤዝ፣ ሎቦ፣ ብሩስ፣ ከነሱም በኋላ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና 30ዎቹ የዳንግላ ቆንስል የነበረው እንግሊዛዊው ቺዝማን የሄዱት ወደዚያችው ምርጫ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ስትመጣ ሌላ ምንጭ አልመረጠችም፤ ያንኑ ባረከች።

ለዚህ ትልቅ ሐውልት አልጠይቅም። የሚቀጥለው የመማሪያ መጽሐፍ ሲዘጋጅ ስለ ዓባይ ምንጭ በሚጻፈው አንቀጽ ውስጥ፣ ከጀምስ ብሩስ ስም በፊት፣ ሁለት ቃል ብቻ ይግባ፤ ክፍለ ዓባይ። ሕፃናቱ "ማነው እሱ?" ብለው ይጠይቁ። አስተማሪያቸውም እንግዳው በባዶ እግሩ ሮጦ ሲመጣ ቤቱ የተቀበለው ሰው ነው ብሎ ይመልስላቸው።